«ማሽኑ አይበይድም» ከማለታችን በፊት

(በሰፈራችን የዕድር አዳራሽ በእሑድ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ልጆቻችን በዕቁብ ገንዘብ የገዙት ሦስት በአንድ የብየዳ ማሽን «አልሠራ አለ» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ልጆቹ ሲበይዱ የጎረቤት መብራት ጭል ጭል እያለ ጭቅጭቅ መጥቷል።

ማሽኑን ሄጄ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ይህ ዓይነቱ ማሽን በኤሌክትሮድ፣ በጥቅል ሽቦና በአርጎን ጋዝ ይበይዳል። ሣጥኑ አንድ ቢሆንም ሥራው ሦስት ነውና ገመዶቹ እንደ ሥራው ቦታ ይለዋወጣሉ። ልጆቹ የገዙት ሽቦ ውስጡ ዱቄት ያለው፣ ያለ ጋዝ የሚበይደው ነው። የሐይቁ ነፋስ ጋዝ በሚበትንበት በእኛ በሐዋሳ ለደጅ ሥራ ጥሩ ምርጫ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሽቦ ሽጉጡ ከኔጌቲቭ፣ ማሳው ከፖዘቲቭ መያያዝ አለበት። እነሱ በጋዝ ለሚበየደው ድፍን ሽቦ እንደሚደረገው ሽጉጡን ፖዘቲቭ ላይ አስረውታል። ታዲያ እሳቱ ቢንጣጣ፣ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ቢበሳሳ ምን ይደንቃል! ሁለቱን ገመድ አቀያየርን፤ በዚያው ከሰዓት አንድ የተሰነጠቀ የባጃጅ ወንበር ብረት ተበየደ።

ሽቦው መንገድ ላይ ከተጠላለፈ ደግሞ የሚገፋውን ሮለር አብዝታችሁ አታጥብቁ። ይህ ሽቦ ክፍት ሆድ ስላለው ይጨፈለቃል።

ለኤሌክትሮድ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል፤ ለስስ የኤልቲዜድ በር ከታችኛው ጀምሩ። በክረምት እርጥበት የገባበት ኤሌክትሮድ ይንጫጫል፣ ይጣበቃል፤ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። በአርጎን ሲሠራ ችቦው ኔጌቲቭ ላይ ይታሰራል። አሉሚኒየም ለመበየድ ግን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማሽን ያስፈልጋልና ይህኛው ስለማይሰጥ ሥራውን አትቀበሉ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። እንዲህ ያለው ማሽን በ160 አምፔር ሲበይድ ከ220 ቮልቱ መስመር ከ25 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ተራ ሶኬት የሚችለው 16 ነው! ልጆቹ ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጠቀለለ ማራዘሚያ ይጠቀማሉ። ገመዱ ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ይደክማል። ገመዱ ይወፍር፣ ይዘርጋ፣ የምድር መስመርም ይኑረው። ማታ ሁሉም ቤት ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ወፍራም ብረት አይበየድ። ይህን ያህል መተሳሰብ የሚያቅተን አይመስለኝም።

ቢጫው መብራት ሲበራ ማሽኑ ሞቋል ማለት ነው፤ ማራገቢያው እንዲያበርደው አታጥፉት። ደጋግሞ የሚበራ ከሆነ የግራይንደር ብናኝ ገብቶበታል። ብናኙ ብረት ስለሆነ ውስጡን ሊያቃጥል ይችላል። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ቆይታችሁ፣ ከጎሚስታው ዘንድ በደረቅ አየር በውጭ በኩል አስነፉት። ክዳኑን ግን አትፍቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይቆያል።

የውሃ ቱቦ ብረት፣ ያ የሚያብረቀርቀው፣ ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጡበት ይባላል። ወተት ደግ ነው፤ ጢሱን ግን አያወጣም። ሽፋኑን ቀድማችሁ ፋቁት፣ በነፋሻ ቦታ ሥሩ፣ ሕፃናትንም ከብርሃኑ አርቁ።

ሽያጩ ቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት ማራዘሚያውን እንለውጣለን፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የተረፈው ቢኖር ለልጆቹ ይንገራቸው።