ሳናፈርስ እንጠይቅ
(በቢዮ አዋሌ ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከተደረገ ንግግር)



«ቢዮ» በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው፤ የዚህ አካባቢ ታሪክ ከስሙ ይጀምራል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች መሆኗን ጣቢያዋ ይመሰክራል። በገጠር ግን ምስክሮቻችን አረጋውያንና አሮጌ ግድግዳዎች ናቸው፤ ሁለቱም አይጠብቁንም።

በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲሚንቶ ሲለበጥበት እርጥበቱ ውስጡ ይታመቃል፤ ያጠነከርነው መስሎን እናፈርሰዋለን። ስለዚህ ከኮሚሽኑ የመጣን እኛ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን፦ አስቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም አረጋዊ ቃል ወጣቶች እንዲመዘግቡ አድርጉ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ከመጠገናችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አዲስ ሕንፃ ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፤ የፈረሰው ግን አይመለስም።

እግዚአብሔር ሥራችንን ይባርክ።