ክራሩን ሲያነሳ ተዉት



ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ አሁን ነጭ ጋውኑን የሚያወልቅ የሕክምና ተማሪ ይታየኛል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊት ያረፉት እናት ፊት ከልቡ አልወጣም። ዶርም ሲገባ አልጋው ሥር ያለውን ክራር ያወጣል። አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ በትዝታ ቅኝት ቀስ እያለ ይደረድራል። ትከሻው ሲረግብ ይታያል። «ይልቅ አታጠናም?» የሚለው ግን አይጠፋም።

እንዲህ ሲባል እኔ ፈረንሳዊውን ሐኪም ሬኔ ላኔክን አስታውሳለሁ። ላኔክ ዋሽንት ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ወረቀት አጥብቆ ጠቀለለና አንዷን ጫፍ በአንዲት ታማሚ ደረት፣ ሌላዋን በጆሮው ላይ አደረገ፤ የልቧ ምት ጥርት ብሎ ተሰማው። ኋላም ጥቅሉን በእንጨት ተክቶ ሠራው። ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ መነሻው ይኸው ነው።

ሙዚቃ የታመቀ ሐዘንን ያስተነፍሳል፤ ማድመጥንም ያስተምራል። ሐኪምነትም የሚጀምረው ከማድመጥ ነው።

ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጁ ክራሩን ሲያነሳ ተዉት። ነገ የእኛን ደረት የሚያደምጠው ያው ጆሮ ነው።