ስለ ጥርስ አገጣጠምና ስለ ወተት ጥርስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጥርስ እናገራለሁ ብል አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። ብትስቁም አልቀየምም፤ ሰው ሲስቅ ጥርሱ ይታያልና ለምናገረው ነገር ምስክር ይሆነኛል።

እኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የምንኖር ሰዎች ስለ ጥርስ አቀማመጥ የምንናገረው ቃል አናጣም። በፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ያለበትን ፍንጭት እንለዋለን፤ ይህም ደም ግባት እንጂ ነውር ስላይደለ የሚመኘው ብዙ ነው። የላይ ጥርሱ ወደ ፊት የወጣውን ገጣጣ፣ ጥርሱ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበበትን ድርብ ጥርስ ያለው እንላለን። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አልፎ የሚወጣበትም ሰው አለ። ሐኪሞች ይህን ሁሉ ሰብስበው የጥርስ አገጣጠም ጉድለት ይሉታል። ኤድዋርድ አንግል የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1899 እ.ኤ.አ. ጉድለቱን በሦስት ክፍል መደበው፤ መለኪያውም ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይና ታች እንዴት እንደ ገጠሙ ማየት ነው። አከፋፈሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከእነዚህ ጉድለቶች አንዳንዱ ከወላጅ ይወረሳል፤ የአባቱን ሰፊ ጥርስና የእናቱን ጠባብ መንጋጋ የወረሰ ልጅ ጥርሱ ቦታ ቢያጣ አይደንቅም። ለረጅም ዘመን ጣት መጥባትም የፊት ጥርስን ወደ ውጭ ይገፋል። ነገር ግን በእጃችን የምንሠራው ጉድለት አለና እኔ ዛሬ የቆምሁት ስለዚህኛው ልናገር ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼ በጥርሴ ምክንያት ቅጽል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ስሙን እዚህ አልደግመውም፤ ያወጡት ልጆች ከፊቴ ተቀምጠዋልና ያስታውሱታል። በግራ በኩል የላይኛው ክራንቻዬ የለም። ጎረቤቱ የነበረው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ጋደል ብሏል፤ የፊት ጥርሶቼም ተከትለውት ወደ ግራ ሄደዋል። ሥጋ ስበላ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የምነክሰው። እኔ ግን አፈጣጠሬ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ለሌላ ጥርስ ሕመም ወደ ደብረ ታቦር በሄድሁ ጊዜ አንድ የጥርስ ሐኪም አፌን አይቶ «ሕፃን ሳለህ ግግ አውጥተውልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። ቤት ገብቼ አያቴን ብጠይቃት፣ ምንም ሳትደብቅ «አዎን ልጄ፤ ልትሞትብን ስትል ነው ያስወጣንልህ» አለችኝ። አያቴን አልወቅሳትም። በፍቅር ያደረገችው ነው።

ግግ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ሕፃን ገና ጥቂት ወራት ሲሆነው፣ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ ላይ ድዱ አበጥ ብሎ ነጣ ይላል። ይህም ከድዱ ሥር ያለው የወተት ክራንቻ ነው፤ እርሱም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲሞላው የሚወጣ ነው። በዚያው ወራት ደግሞ ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ መቅመስ፣ መዳህና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ማግባት ይጀምራል፤ ከእናቱ ያገኘው በሽታ መከላከያም እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ተቅማጥና ትኩሳት ይበዛበታል። ቤተሰቡም አፉን ከፍቶ ነጩን እብጠት ሲያይ የበሽታው ሥር እርሱ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ በምስማር፣ በቢላዋ ጫፍ ወይም በጥፍር ተፈልቅቆ ይወጣል። ወጥቶ ሲታይ ለስላሳ ትል ይመስላልና ሰው የበለጠ ያምናል። ትል ግን አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው።

ጉዳቱ በዚያ አያበቃም። የቋሚው ክራንቻ ፍሬ ከወተቱ ጥርስ አጠገብ ተቀምጦ መጠንከር የሚጀምረው ልጁ አራትና አምስት ወር ሲሆነው ነው። ምስማሩ የወተቱን ሲፈልቅ ቋሚውንም ይወጋዋል። ቋሚው ጨርሶ ሳይወጣ ይቀራል፤ ቢወጣም ጠማማ ወይም ገጹ የተበላሸ ይሆናል። ከደሙ መፍሰስና በቆሸሸው ብረት ከሚገባው በሽታ፣ ከመንጋጋ ቆልፍም ጭምር የሞተ ሕፃን ግን ስለ ጥርሱ የሚናገርለት የለም።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያም ይታወቃል። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ምድር ተነሥተው ወደ እስራኤል በሄዱ ጊዜ፣ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች ብዙዎቹ ልጆች የወተት ክራንቻ የሌላቸው መሆኑን አይተው ተደነቁ፤ ያዩትንም በ1994 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳተሙ። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የእናትንና የሕፃንን ሕይወት የሚያጠፉ ልማዶችን ሲዘረዝር፣ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቶ ቅጣት ወስኗል።

ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት የእኅቴ ልጅ በስድስት ወሯ ተቅማጥ ያዛት። ጎረቤቶች መጥተው ድዷን ዳሰሱና «ግግ ነው፤ ዛሬውኑ ይውጣላት» አሉ። እኅቴ እያለቀሰች ነጠላዋን አደገደገች። እኔም ሌላ የምለው ቢጠፋኝ አፌን ከፍቼ በሁሉም ፊት ቆምሁ። «ይኸው የወጣለት ሰው» አልኋቸው። ለጊዜው ዝም ተባለ። ከዚያም አያቴ፣ ያችው ያስወጣችልኝ አያቴ፣ «ልጁ እውነት ሳይለው አይቀርም፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂያት» አለች። እዚያም በውኃ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ዱቄትና የዚንክ እንክብል ሰጧት፤ ጡቷንም እንዳታቋርጥ መከሯት። ልጅቱ ዳነች። ዛሬ አራቱም ክራንቻዎቿ አሉ፤ ጣቴንም ነክሳኛለች።

ደግሞም የወተት ጥርስ ወዳቂ ነው ብለን አንናቀው። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ለቋሚዎቹ ቦታ ጠባቂዎች ናቸው። ጣፋጭ የበዛበት ልጅ መንጋጋው ተቦርቡሮ ያለጊዜው ቢነቀል፣ የኋላው ጥርስ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ቦታውን ይይዘዋል፤ ተረኛው ሲመጣ መውጫ አጥቶ በጎን ይወጣል። ስለዚህ ሐኪም የሚቻል ከሆነ ይሞላዋል፤ ካልሆነም ነቅሎ ክፍተቱን የሚጠብቅ ሽቦ ያኖርበታል።

አንዴ የተጣመመውስ ይቃናል? አዎን፣ ይቃናል። ጥርስ እንደ ምስማር በአጥንት ውስጥ የተመታ አይደለም፤ በቀጫጭን ጅማቶች ተይዞ የተንጠለጠለ ነው። በዝግታ ሲገፋ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየተበላ፣ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። በሸሎ አንዱን ዳር እየሸረሸረ በሌላው ዳር ደለል እንደሚጥለው ማለት ነው። ሐኪሙ በየጥርሱ ላይ ትንንሽ መያዣ ይለጥፍና ሽቦ ያሳልፍበታል፤ ከኒኬልና ከቲታኒየም የተሠራው ሽቦ ቢታጠፍም ወደ ጥንት ቅርጹ ለመመለስ ስለሚታገል ጥርሱን ሳያሳርፍ ይስበዋል። ቢቸኩሉ የጥርሱ ሥር ይጎዳልና ሥራው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሽቦው ከወለቀ በኋላም ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ መደገፊያ ይደረግለታል። የተበላሸው የመንጋጋው አጥንት ከሆነ ግን ዕድገት እስኪያበቃ ተጠብቆ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

ችግሩ ግን መንገዱ ነው። ይህን ሥራ ለይተው የተማሩ ሐኪሞች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ሽቦውም በየወሩ ገደማ መታየት አለበት። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ በየወሩ አዲስ አበባ የሚመላለስ ገበሬ ማን ነው? ለእኔ ሐኪሙ የነገረኝ፣ ዕድሜዬ ገና እንዳላለፈ፣ ጥርሶቼ ወደ ቦታቸው ተመልሰው በጎደለው ስፍራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊገባ እንደሚችል ነው። ገንዘቡን ሳገኝ አደርገዋለሁ።

የክበባችን አባሎች ከሸክላ የሠሩት መንጋጋ፣ የወተቱና የቋሚው ክራንቻ ጎን ለጎን የሚታዩበት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሕፃን የታቀፋችሁ እናቶች ከዳቦው ቆረሳ በፊት ጎራ ብላችሁ እንድታዩት በትሕትና እጠይቃለሁ።