ዕዳና መያዣው፦ የሃል ላቦራቶሪ ታሪክ



የአንድ ድርጅት ዕዳ ከሀብቱ በልጦ ሲገኝ የሂሳብ ባለሙያ በቅድሚያ የሚመረምረው መዝገቡን ነው። በመዝገቡ ሕንፃው፣ መሣሪያው፣ በመጋዘን ያለው ዕቃና በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ይታያል፤ ሠራተኛው ምን እንደሚችልና ለምን እንደሚተጋ ግን በየትኛውም ዓምድ አይሰፍርም። ሃል ላቦራቶሪ የተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ በ1992 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) በመዝገቡ ሲታይ ያለቀለት ነበር። በ1999 ግን ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መመርመሩ ለሙያው ሰው የሚጠቅም ይመስላል።

ኩባንያው የተቋቋመው በየካቲት ወር 1980 በቶክዮ ነው። መነሻውም ኢኬቡኩሮ በተባለው የከተማይቱ ክፍል የሚገኘው የሴይቡ መደብር የኮምፒዩተር መሸጫ ነበር። ኮምፒዩተር ገና የጥቂት አፍቃሪዎች ዕቃ በነበረበት በዚያን ጊዜ ወጣቶች እዚያ እየተሰበሰቡ የጻፉትን ፕሮግራም እርስ በርሳቸው ያሳዩ ነበር፤ ከሻጮቹም አንዱ ኩባንያ ለመመሥረት ሲነሣ ከእነዚሁ ወጣቶች ጥቂቶቹን በትርፍ ሰዓት ሠራተኛነት ጠራቸው። ስሙ ራሱ የወጣትነት ድፍረት አለበት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኤች፣ ኤ፣ ኤል የሚሉት ሦስቱ ሆሄያት፣ አይ፣ ቢ፣ ኤም ከሚሉት ከታላቁ የአሜሪካ ኩባንያ ሆሄያት እያንዳንዳቸው በአንድ ደረጃ ይቀድማሉ፤ ይኸውም ከአይ.ቢ.ኤም. አንድ እርምጃ እንቀድማለን ማለት ነው። በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ይህን ማለታቸው ፈገግ ያሰኛል።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ በ1959 በሳፖሮ ከተማ የተወለዱትና በቶክዮ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይማሩ የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ ናቸው። ኢዋታ በ1982 ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ማንም የማያውቃትን ይህችን ትንሽ ኩባንያ መርጠው በቋሚነት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን በጃፓን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው የገባበት ታላቅ ድርጅት የዕድሜ ልክ መኖሪያው ይሆን ነበርና፣ የሙሮራን ከተማ ከንቲባ የነበሩት አባታቸው በዚህ ምርጫ እጅግ አዝነው ስድስት ወር ያህል ልጃቸውን ሳያነጋግሩ ቆዩ።

ዕድል የተከፈተው በሐምሌ 1983 ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የኪዮቶ ኩባንያ ፋሚኮም የተሰኘውን የቤት ውስጥ መጫወቻ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ለገበያ አቀረበ። የመሣሪያው አንጎል 6502 ከሚባለው ማይክሮፕሮሴሰር የመጣ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የጃፓን ፕሮግራመሮች የለመዱት ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ኢዋታ ተማሪ ሳሉ ገዝተው ውስጡን ጠንቅቀው የተማሩበት የኮሞዶር ኩባንያ ኮምፒዩተር የሚሠራው በዚሁ በ6502 ስለነበረ፣ ለሌላው አዲስ የሆነው ለእሳቸው የታወቀ ነበር። ወደ ኪዮቶ ሄደው ሥራ ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። በ1984 ከወጡት ሥራዎቻቸው አንዱ ጎልፍ የተሰኘው ጨዋታ ነው። የጎልፍን 18 ጉድጓዶች በሙሉ በዚያች ጠባብ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ማስገባት ሌሎች አይሆንም ያሉት ነገር ነበር፤ ኢዋታ ግን መረጃውን ጨምቆ የሚያስቀምጥ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረው አስገቡት።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የስኬት ነው። ውድቀቱ የመጣው ኩባንያው በራሱ ስም ጨዋታ እያወጣና እየሰፋ በሄደ ጊዜ ነው። ከቶክዮ በስተምዕራብ በሚገኘው በያማናሺ አውራጃ የሥራ ቦታ አቋቋመ፤ ወጪው በረከተ። አራት ዓመት የተደከመበት ሜታል ስሌደር ግሎሪ የተባለው ጨዋታ በ1991 ለገበያ ቢቀርብም የወጣበትን ገንዘብ አልመለሰም። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት ደግሞ ሥራውን ሳያበስል ለመሸጥ ይቸኩላል፤ ያልበሰለው አይሸጥም፤ ባለመሸጡም እጥረቱ ይብሳል። በዚህ አዙሪት በ1992 ኩባንያው ከመክሰር አፋፍ ደረሰ።

ኒንቴንዶን ከ1949 ጀምሮ ይመሩ የነበሩት ሂሮሺ ያማውቺ ለመርዳት ፈቀዱ። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ ይኸውም ኢዋታ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ነው። በብድር ሥራ ላይ የኖረ ሰው ይህን ልብ ይለዋል። አበዳሪ መሬት፣ ሕንፃ ወይም መሣሪያ በመያዣነት ይጠይቃል፤ ያማውቺ የጠየቁት ሰው ነበር። የተመረጡትም አስተዳደር ያልተማሩ ፕሮግራመር ናቸው። በ1993፣ በ33 ዓመታቸው፣ ሹመቱንና 1.5 ቢሊዮን የን ዕዳ አብረው ተረከቡ።

አዲሱ ፕሬዚዳንት በቅድሚያ ያደረጉት ሠራተኞቹን ሁሉ አንድ በአንድ ለብቻ ማነጋገር ነው። ውይይቱ ካንዱ ጋር 20 ደቂቃ፣ ከሌላው ጋር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስድ ነበር። በሥራህ ደስተኛ ነህን ከሚል ጥያቄ ተነሥተው፣ ለዓመታት አብረዋቸው ከሠሩት ሰዎች ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን ነገር ሰሙ። ልማዱንም በሃል ፕሬዚዳንት ሆነው እስከቆዩ ድረስ አልተዉትም። ባለዕዳ ለሆነ ድርጅት ይህ ሁሉ ሰዓት ብክነት ሊመስል ይችላል። ሆኖም የትኛውን ሥራ ለማን መስጠት እንደሚገባ የሚታወቅበት ሌላ መንገድ መኖሩ ያጠራጥራል።

ዕዳው የተከፈለበት ዋናው ገንዘብ ምንጭ ግን ከሹመቱ አንድ ዓመት በፊት የተወለደ ነበር። ማሳሂሮ ሳኩራይ የተባሉ ወጣት ሠራተኛ፣ ጨዋታ ለማያውቅ ጀማሪ እንዲስማማ አድርገው፣ ትዊንክል ፖፖ የተሰኘ ጨዋታ አዘጋጅተው ነበር። ማስታወቂያው ወጥቶ፣ የ26,000 ቅጂ ትእዛዝም ደርሶ ሳለ፣ የኒንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ ጨዋታው ጥቂት ቢታረም ከዚህ እጅግ የላቀ እንደሚሆን አመለከቱ። ገንዘብ ለጠማው ኩባንያ 26,000 ትእዛዝ ሰርዞ መጠበቅ ቀላል አልነበረም፤ ከነጋዴዎች ፊት የቆሙት የሽያጭ ሠራተኞችም ኀፍረቱን ቀመሱ። ትእዛዙ ተሰረዘ፤ ጨዋታው ታረመ፤ በሚያዝያ 1992 ከርቢ በሚለው አዲስ ስም ወጥቶ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። የከርቢ መልክ ሮዝ መሆኑን የሚያውቁት ሳኩራይ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሚያሞቶ ቢጫ መስሏቸው ነበር፤ ጨዋታው የሚታይበት ትንሹ መሣሪያ ቀለም ስላልነበረው በአሜሪካ የወጣው ማሸጊያ ነጭ አድርጎ ሣለው።

ኢዋታ ፕሬዚዳንት ከሆኑም በኋላ ፕሮግራም መጻፋቸውን አልተዉም። በጸሐፊው ሺጌሳቶ ኢቶይ የተደረሰው ማዘር 2 የተባለው ጨዋታ ለዓመታት ተጓትቶ ሊቀር በተቃረበ ጊዜ ተጠርተው ሁለት ምርጫ አቀረቡ፤ ያለውን ማረም ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ከመሠረቱ እንደገና መጻፍ ግን ግማሽ ዓመት ይበቃዋል። ሁለተኛው ተመረጠ፤ ጨዋታው በነሐሴ 1994 ወጣ። በያማናሺም በእረፍት ቀናቸው ከሳኩራይ ጋር የሞከሩት የድብድብ ጨዋታ፣ የኒንቴንዶን የታወቁ ገጸ ባሕርያት ተጨምረውበት፣ በጥር 1999 ስማሽ ብራዘርስ ተብሎ ወጣ፤ ይህም ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በዚሁ ዓመት ነው፤ በስድስቱ ዓመታት ሲካፈል በዓመት 250 ሚሊዮን የን ይደርሳል።

ኢዋታ በ2000 ወደ ኒንቴንዶ ተዛወሩ፤ በግንቦት 2002 ያማውቺን ተክተው ከዚያ ቤተሰብ ውጭ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሐምሌ 2015 በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ሳኩራይ ደግሞ በ2003 ሃልን ለቀቁ። ጨዋታ በተሳካ ቁጥር ተከታዩ ይሠራ መባሉ ሰልችቷቸው ነበር። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ዕዳው በሚከፈልባቸው ዓመታት ከርቢ በ1993፣ በ1995ና በ1996 ተከታታይ ሆኖ ባይወጣ ኖሮ ሰው ለቅቆት የሚሄደው ኩባንያ ራሱ መኖሩ ያጠራጥር ነበር። ሃል ላቦራቶሪ ዛሬም በያማናሺና በቶክዮ ይሠራል፤ በ2022 ያወጣው ጨዋታ ያው ከርቢ ነው።