ስለ ቀድሞው ምድር ባቡር የተደረገ ንግግር



እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ በየቅዳሜው ወደ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኞች ቤት እየሄድን የሥራቸውን ታሪክ ስንጽፍ ቆየን።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። «ለገሃር» የምንለው ስም እንኳ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ጣቢያ ማለት ነው። የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበረ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ከዚያ ስለሚሰፋ፥ አሮጌዎቹ ባቡሮች ሊሄዱበት አይችሉም።

ብረትን ከዝገት ቀለም ያድነዋል። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ጉድለቱን የሚለዩት አባት ካለፉ ግን ዕውቀታቸው አብሮ ይቀበራል፤ ባቡሩም ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ፥ ታናናሾቻችን ሆይ፤ ትምህርታችንን ጨርሰን ስንሰናበት ደብተሮቹን ለእናንተ እንተዋለን። ያልተጠየቁ አባቶች ገና አሉና፥ ሳትዘገዩ ሂዱ።