በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ጊዜን ስለ መቍጠር



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ነገር ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የመመረቂያ ሥራ የያዝነውን ተማሪዎች በቀጥታ ይነካል። ሼጁለር የተባለውን፣ ይኸውም ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞች በተራ የሚያድለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል፣ በላፕቶፕ ላይ በከፈትነው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንለካለን፤ ቍጥሩንም በሠንጠረዥ አድርገን ለመምህር እናቀርባለን። የተለካበት ሰዓት የማን ሰዓት ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

አስቀድመን ሁለት ዓይነት ጊዜ መኖሩን እንለይ። አንደኛው በስምምነት የቆመ ነው። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ጧት 1 ሰዓት የምንለውን ሌላው 7 ይለዋል፤ ሁለታችንም ግን አውቶቡሱ አያመልጠንም። የሀገራችን ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ይህም በምሥራቅ 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ልክ ነው። ነቀምት ግን 36 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለ ሆነች፣ ፀሐይ እኩለ ቀን የምትሆንልን በዓመቱ አማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ፀሐይ እንኳ ወደ 9 ደቂቃ እንዘገያለን። በዚህ የተጎዳ የለም፤ ስምምነት ነውና። ሊኑክስም ሴኮንዱን የሚቈጥረው ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ይህም ስምምነት ነው።

ሁለተኛው የድርሻ ጊዜ ነው። አንድ ፕሮግራም 4 ሚሊሴኮንድ ሠርቶ ሳለ 44 ሠርተሃል ቢባል ተበድሏል፤ በደሉንም ስምምነት አያነሣለትም። ሼጁለሩ የሚኖረው በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው።

አሁን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በአውቶቡስ የሚመጣ አንድ መንገደኛ እናስብ። የተጓዘውን መንገድ የሚያውቀው ከመንገድ ዳር የቆሙትን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች በመቍጠር ነው። አምቦን አልፎ ጉደር ላይ እንቅልፍ ይዞት ባኮ ላይ ቢነቃ፣ በእርሱ ቍጥር ገና ጉደር አጠገብ ነው። የቀድሞው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲህ ነበር። መሣሪያው በየጊዜው የሰዓት ምት ይልክለታል፤ እርሱም ምቱን እየቈጠረ ጊዜን ያውቃል። በሊኑክስ ምቱ በሴኮንድ 100 ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ በኢንቴል ዓይነት ማሽኖች 1000 ደረሰ፤ በ2005 ደግሞ እንደ ልማድ 250 ሆነ። በባዶ ማሽን ላይ ይህ መልካም ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን እንግዳው ሲስተም ፕሮሰሰሩን የሚያገኘው አስተናጋጁ ሲፈቅድለት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ተኝቷል፤ መተኛቱንም አያውቅም። ያመለጡትን ምቶች አስተናጋጁ በኋላ አከታትሎ ቢልክለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ በዚያች ቅጽበት ተራ የነበረው ፕሮግራም የምቱን ሁሉ ዕዳ ይሸከማል።

ምቱን ትቶ ሰዓቱን በናኖሴኮንድ የሚያነብ ሼጁለር እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ሊኑክስ ገባ፤ በ2023ም በሌላ ተተካ። ዳሩ ግን ጥሩ ሰዓት ብቻውን አይበቃም። ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች እኩል ድርሻ አላቸው እንበል። ሀ 4 ሚሊሴኮንድ ከሠራ በኋላ አስተናጋጁ ፕሮሰሰሩን ነጥቆ ለሌላ እንግዳ 40 ሚሊሴኮንድ ሰጠው። ሲመለስ ሰዓቱ በትክክል 44 ይላል። ሼጁለሩም ሀን በ44 ያስከፍለዋል፤ ለ እስኪደርስበት ድረስም ሀ ይጠብቃል። ሰዓቱ አልዋሸም፤ ሒሳቡ ግን ተበላሸ። አንዳንዶች ‹‹በአማካይ ይካካሳል›› ይላሉ። ሥራው በዚያች 40 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ማለቅ ለነበረበት ፕሮግራም ይህ መጽናኛ አይሆነውም።

መድኃኒቱ መንገደኛው ሾፌሩን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ኬቪኤም በተባለው አስተናጋጅ ላይ ሁለቱ የሚጋሩት የማስታወሻ ገጽ አለ። አስተናጋጁ በዚያ ላይ ሰዓቱን፣ በዚያች ቅጽበት የፕሮሰሰሩ ቈጣሪ የደረሰበትን ቍጥርና ማባዣውን ይጽፋል። እንግዳው ቈጣሪውን አንብቦ ልዩነቱን ያባዛና ይደምራል። በገጹ ላይ አንድ የእትም ቍጥር አለ፤ ጎደሎ ከሆነ አስተናጋጁ ገና እየጻፈ ነውና እንግዳው ደግሞ ያነባል። (ይህች ትንሽ ብልሃት በጣም ደስ ታሰኘናለች።) ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አስተናጋጁ ‹‹የተሰረቀ ጊዜ›› የሚባለውን ይነግረዋል፤ ይኸውም እንግዳው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ፕሮሰሰር የተነፈገበት ጊዜ ነው። ሼጁለሩ ከ44ቱ ላይ 40ውን ቀንሶ ሀን በ4 ብቻ ያስከፍለዋል።

የተሰረቀውን ጊዜ ‹‹ቶፕ›› በሚባለው ትእዛዝ ‹‹ኤስ ቲ›› ከሚለው ምልክት አጠገብ ታዩታላችሁ። ዜሮ ስላያችሁ ግን አትመኑት። አስተናጋጁ የማይነግር ዓይነት ከሆነ ምንም ያህል ቢሰረቅ ዜሮ ነው የሚታየው። ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ከውጤቱ ጎን የአስተናጋጁ ስም፣ የሰዓቱ ምንጭና የተሰረቀው ጊዜ እንዲጻፍ፣ መምህራንም ያልተጻፈበትን እንዲመልሱ እንለምናለን። ከተቻለ ልኬቱ በባዶ ማሽን ይደገም።

ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቦታ የስምምነቱን ሰዓት ከሩቅ ሰርቨር መለመንም ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ እንግዳው የኬቪኤም አስተናጋጁን ሰዓት ያለ ኔትወርክ የሚወስድበት ድራይቨር አለ፤ ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም ያነበዋል። ያን ጊዜ ትክክል መሆን ያለበት አንድ አስተናጋጅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ፈተና በኮምፒዩተር መስጠት እየተለመደ ነው፤ የመውጫ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሁ ይሰጣል። የአንድ ፈተና ሰርቨር በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሆኖ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ አስተናጋጁ ለ4 ደቂቃ ቢያቆመውስ? ወደ ፊት ብቻ የሚቈጥረው የእንግዳው ውስጣዊ ሰዓት ብዙ ጊዜ አራቱን ደቂቃ አያውቃቸውም፤ የግድግዳው ሰዓት ግን ከታረመ በኋላ ያውቃቸዋል። ቀሪው ጊዜ በመጀመሪያው ከተሰላ ተማሪው አራቱን ደቂቃ አያጣም፤ በሁለተኛው ከተሰላ ያጣል። ማሽኑ ሁለቱንም በቅንነት ይፈጽማል። የትኛው እንዲሆን ግን ፈተናው ከመጀመሩ በፊት መምህራን ወስነው ለተፈታኞች በጽሑፍ ያሳውቁን።