194,313፦ የአንድ ዐውደ ቀመር ቀናት

194,313 በአንድ ዐውደ ቀመር ውስጥ ያሉት ቀናት ብዛት ነው። ዐውደ ቀመር በኢትዮጵያ የዘመን ቆጠራ ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ከሚቆጠሩት ሰባት ዐውዶች ትልቁ ሲሆን 532 ዓመት ይፈጃል። ከዘመነ ማቴዎስ እስከ ዘመነ ዮሐንስ ያሉት አራት ዓመታት፣ በሉቃስ የምትጨመረው ስድስተኛዋ ጳጉሜን ታክላ፣ 1,461 ቀን ይሆናሉ። አራቱ ወንጌላውያን በ532 ዓመት 133 ጊዜ ይፈራረቃሉ፤ 1,461 በ133 ሲባዛ 194,313 ይመጣል።

የቁጥሩ ጠባይ የሚታወቀው ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲበተን ነው፤ 3፣ 7፣ 19 እና 487 ተባዝተው ያስገኙታል። ከአራቱ አንዱም አይደገምም። ስለዚህ አንድንና ራሱን ጨምሮ 16 አካፋዮች አሉት። የአሃዞቹ ድምር 21 ነው፤ 21 ደግሞ ቁጥሩን ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ከ194,313 በታች ሆነው ከእርሱ ጋር ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች 104,976 ናቸው፤ ይህም 18 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ይህ የመጨረሻው ግጥምጥሞሽ ለዘመን ቆጠራው አንዳች አይፈይድም፤ ግን ያምራል።

ለዘመን ቆጠራው የሚፈይዱት 7 እና 19 ናቸው። 1,461 ቀን ለሰባት ሲካፈል 5 ይተርፋል። በዚህም የተነሣ ዕለትና ወንጌላዊ እንደገና የሚገናኙት በ28 ዓመት ነው፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። አበቅቴ፣ ማለትም የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ትርፍ፣ በ19 ዓመት ይመለሳል፤ ከወንጌላዊ ጋር የሚገናኘው ግን በ76 ዓመት፣ በዐውደ ማኅተም ነው። ዐውደ ማኅተም 27,759 ቀን አለው። ይህም ለሰባት ሲካፈል 4 ስለሚተርፍ ዕለቱ አይገጥምም፤ ሰባት ጊዜ መደገም አለበት። ሦስቱም የሚገናኙት ያኔ፣ በ532ኛው ዓመት ፍጻሜ ነው። በአንድ ዐውደ ቀመር ያሉት ሳምንታት በአንድ ዐውደ ማኅተም ካሉት ቀናት ጋር እኩል የሆኑትም ለዚህ ነው።

ስሌቱን በ2018 ዓ.ም. መፈተሽ ይቻላል። 5,500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የበዓላት ስሌት መነሻ የሆነው መጥቅዑ 18 ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር እንደ ደንቡ 30 ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። በገበያ የፋሲካ በግ የሚገዛ ሰው የበዓሉን ቀን የሚያገኘው ከዚሁ ስሌት ነው። 532 ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር በ1486 ዓ.ም.፣ ወደ ፊት ሲቆጠርም በ2550 ዓ.ም. ፋሲካ በዚያው ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

ሰማይ ግን ለቁጥሩ ሙሉ በሙሉ አይገዛም። በ76 ዓመት ውስጥ የሚቆጠሩት 940 የጨረቃ ወራት ከ27,759 ቀን በሩብ ቀን ያህል ያንሳሉ። ልዩነቱ በአንድ ዐውደ ቀመር ተጠራቅሞ ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

በ7,518 ዓመተ ዓለም ውስጥ 14 ሙሉ ቀመሮች አልፈዋል፤ 2018 ዓ.ም. የ15ኛው 70ኛ ዓመት ነው። 15ኛው ቀመር በ2480 ዓ.ም. ጳጉሜን ይፈጸማል፤ 16ኛው መስከረም 1 ቀን 2481 ዓ.ም. ይጀምራል።